ለጠጅ የትኛው የዛፍ አበባ ማር? ከተብላላ በኋላ የሚተርፈውን መዓዛ አውቆ መምረጥ

ማር ስንገዛ ሁላችንም አንድ ነገር እናደርጋለን። ክዳኑን ከፍተን እናሸታለን፣ በጣታችን እንቀምሳለን፣ "ይሄ ጠጅ ያወጣል" ብለን እንከፍላለን። ማሩ ለቁርስ ከሆነ ይህ ይበቃል። ጠጅ ለሚጥል ሰው ግን አይበቃም። አፍንጫችንን የማረከው መዓዛ አብዛኛው ጋን ውስጥ አይቆይም። ከፊሉ ከአረፋው ጋር ይወጣል፣ ከፊሉን ደግሞ እርሾው ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ጥሩ የሚሸት ማር ሁሉ ጥሩ የሚሸት ጠጅ አይወጣውም። በተቃራኒው ዕቃው ውስጥ ዝም ያለ ማር ከተብላላ በኋላ የሚያስገርምበት ጊዜ አለ።

እዚህ የማነጻጽረው ከዛፍ አበባ የሚገኙትን ማሮች ብቻ ነው። አገር ቤት ላላችሁ ጌተም፣ ግራዋ፣ ብሳና፣ ባሕር ዛፍና ቡና። ውጭ ላላችሁ ደግሞ ብርቱካን፣ ሊንደንና ሮቢኒያ። የአደይ አበባ ማርና የትግራይ ነጭ ማር ዋና ምንጫቸው ዛፍ ስላልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆዩን።

ጋኑ ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ኪሎ ማር ውስጥ 800 ግራም ገደማ ስኳር አለ። እርሾው ይህን ሁሉ ከጨረሰው ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል፣ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። በጋዝ መጠን ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ማር ወደ 200 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ያ ጋዝ ጠጁን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ባዶውን አይሄድም። ቀለል ያሉትን፣ ቶሎ የሚተኑትን የአበባ መዓዛዎች ጠራርጎ ይዞ ይወጣል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ጋኑ ያለበት ክፍል ስትገቡ ቤቱ በአበባ የታጠነ ይመስላል። ደስ ይላል። ግን ቤቱን ያወደው ከጠጁ ላይ የተቀነሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር መለወጥ ነው። ማር ማር የሚያሰኘው ጠረን ውስጥ ፌኒል አሴታልዲሃይድ የሚባል ንጥረ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። እርሾ እንዲህ ያሉ አልዲሃይዶችን እንዳሉ አይተዋቸውም፤ ወደ አልኮል ይለውጣቸዋል። ይኸኛው ሲለወጥ ፌኒል ኢታኖል ይሆናል፤ ሽታው የጽጌረዳ ነው። እርሾው ይህንኑ ነገር ፌኒል አላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድም ራሱ ይሠራዋል። ይህን መንገድ በ1907 እ.ኤ.አ. ያብራራው ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ኤርሊክ ነው። ፌኒል ኢታኖል ከባድ ስለሆነ ከአረፋው ጋር በቀላሉ አይሄድም። በደንብ የተጣለ ጠጅ ብርሌው አፍ ላይ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በአካባቢው አንድም ጽጌረዳ ሳይኖር። ጄራኒዮል የሚባለው የአበባ መዓዛም እንዲሁ በከፊል ወደ ሲትሮኔሎል ይለወጣል፤ ጽጌረዳው ላይ ትንሽ የሎሚ ጠረን ይጨምርበታል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከአበባው የመጡ አንዳንድ መዓዛዎች ማሩ ውስጥ ከስኳር ጋር ተጣብቀው ነው የሚገኙት። እንደታሰሩ ስለሆኑ አይሸቱም። ማሩ ተበጥብጦ ሲብላላ የእርሾውና የባክቴሪያው ኢንዛይሞች፣ እንዲሁም አሲዱ፣ ያንን ማሰሪያ ቀስ በቀስ ይፈቱታል። ሊናሉል አንዱ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ብርቱካን አበባንና ላቬንደርን የሚያስታውስ መዓዛ አለው። ጥሬው ዝም ብሎ የነበረ ማር በሁለተኛው ሳምንት የአበባ ጠረን ሲያወጣ ካያችሁ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል።

የማይነቃነቅም አለ። ምሬት አይተንም። ጭስም እንደዚያው። ባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ ብዙ ጭስ የጠጣ ማር፣ ተብላልቶም ጭሱን ይዞት ይወጣል። እንዲያውም ጣፋጩ ሲያልቅ ጭሱና ምሬቱ የሚሸፍናቸው አጥተው ይጎላሉ። ማር ስትመርጡ ይህን እንደ መጀመሪያ ወንፊት ተጠቀሙበት። ጥሬው ላይ ትንሽ የጭስ ጠረን ካለ ለደረቅ ጠጅ አትግዙት።

እርሾው ከራሱ የሚያመጣው ሽታም አለ። ሙዝ የሚሸተው ኢሶአሚል አሲቴትና አፕል ወይም አናናስ የሚያስታውሰው ኢታይል ሄክሳኖኤት ከስኳር ጠጅም ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ ጠጅ ሙዝ ሙዝ ብቻ ካለ ስለ አበባው የነገራችሁ ነገር የለም።

ከማሩ በፊት ጠጁን ምረጡ

ጥያቄው "የትኛው ማር ይበልጣል?" ሳይሆን "ምን ዓይነት ጠጅ ልጥል ነው?" ቢሆን ይሻላል። ጠጅ ቤት እንደምንለው ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ብርዝ አለ።

ብርዝ ገና ያልተብላላ ወይም ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ የቆየ ስለሆነ የጥሬውን ማር መዓዛ ከሞላ ጎደል እንዳለ ያሳያል። ለብርዝ የሚገዛ ሰው አፍንጫውን ይመን። ለስላሳ ጠጅ ላይ ገና ብዙ ስኳር ስላለ፣ የማሩ የራሱ ጠረንና እርሾው የሠራው አዲስ ጠረን አብረው ይገኛሉ። ደረቅ ጠጅ ከሁሉም ያስቸግራል። ስኳሩ ያልቃል፣ ቀላሉ መዓዛ ይሄዳል፣ የሚቀረው ከባዱ፣ የተለወጠውና የተፈታው ነው። ደረቅ ጠጅ ላይ ማሩ ያለው ሁሉ ይገለጣል፤ የጎደለውም እንዲሁ።

መጠኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውኃ ቢበጠበጥና እስከ መጨረሻው ቢብላላ ወደ 12 በመቶ አልኮል ሊደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይጠጣል። በሊትር ለክታችሁ አንድ ለሦስት ከበጠበጣችሁ ደግሞ ብርዙ በጣም ወፍራም ነው። ማር ከውኃ ስለሚከብድ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እርሾው ይደክምና ጣፋጭ ይቀራል። ለስላሳ ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ደረቅ ከፈለጋችሁ ግን በሊትር አንድ ለአምስት ይቀርባል።

ጌተም

ጌተም፣ በኦሮምኛ ገተማ፣ የካፋ፣ የሸካና የጅማ ደኖች ዛፍ ነው። ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ነው፤ ከዚያ ሥሩን ወደ መሬት ይለቃል። የሚያብበው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ማሩ ነጭ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ሲረጋም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ይሆናል። ጥሬው ለስላሳና ጨዋ ነው፤ ኃይለኛ ሽታ የለውም።

ለጠጅ ሲታሰብ ይህ ጨዋነት ሁለት ፊት አለው። ጥሩው ጎን፣ የሚሸፍን ነገር ስለሌለ የተፈታው የአበባ መዓዛና የእርሾው ጽጌረዳ ንጹህ ሆነው ይሰማሉ። የጌሾውም ጠረን እንዲሁ። ስለዚህ ለስላሳና መካከለኛ ጠጅ ላይ ለኔ አቻ የለውም። አስቸጋሪው ጎን፣ ነጣ ያሉ ማሮች በአብዛኛው ከጠቆሩት ያነሰ ማዕድንና ፕሮቲን አላቸው። እርሾ ስኳር ብቻ በልቶ አይኖርም፤ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ሲርበው ሥራው ይንቀራፈፋል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝም ይለቃል። ያ ሽታ ቀጭኑን የአበባ መዓዛ ድራሹን ያጠፋዋል።

መፍትሔው እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ማሩን ከነሰፈፉ መበጥበጥ። ሰፈፉ ውስጥ የአበባ ዱቄት አለ፣ እሱ ለእርሾው ምግብ ነው። የተጣራ፣ ወለል ያለ ነጭ ማር በማሰሮ አሽገው የሚሸጡላችሁ ለገበታ ነው። ለጠጅ ያልተጣራውን ጠይቁ። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጠጁም ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በቀን አንዴ ሁለቴ ማማሰልም ይረዳል። እርሾው ሲጀምር አየር ያስፈልገዋል፣ የእንቁላሉም ሽታ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ግን ተዉት፤ አየር የሆምጣጤ ባክቴሪያ ወዳጅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የረጋ ጌተም በደንብ ካልሟሟ ከጋኑ ሥር ይቀመጣል። ላዩ ደረቅ ሆኖ ሥሩ ሽሮፕ ይሆናል። ለብ ባለ ውኃ በእጅ እያሹ እስኪጠፋ ድረስ መበጥበጥ ነው። ማፍላት ግን አይገባም። የሚፈላ ውኃ ጋዙ ሊወስደው የነበረውን መዓዛ አስቀድሞ ይወስደዋል፣ እርሾውንም ከነሰፈፉ ይገድለዋል።

ጌተምን ለድርቅ ያለ ጠጅ ብቻውን መጣል ግን አልመክርም። ውድ ማር ነው፤ ድርቀቱ ላይ ሲደርስ የሚቀረው መዓዛ ጥሩ ቢሆንም ስስ ነው።

ግራዋ

ግራዋ ተቃራኒው ነው። ቅጠሉን ጋን ለማጠብ የምንጠቀምበት ያው መራራው ግራዋ፣ በበጋው አብቦ ንቦችን ይመግባል። ማሩ ጠቆር ያለ፣ ጠረኑ ወፈር ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ መረር ይላል።

ጥሬው ለገበታ ሁሉም አይወደውም፤ ዋጋውም ከነጩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ለደረቅ ጠጅ ግን ከዚህ ዝርዝር መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው። የጠቆረ ማር ለእርሾው የተሻለ ምግብ አለው፤ መብላላቱ ፈጠን ያለና ንጹህ ይሆናል። አካሉ ከባድ ስለሆነ ስኳሩ ሲያልቅ ጠጁ ውኃ ውኃ አይልም።

ምሬቱን ግን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ጌሾ ራሱ መራራ ነው። ግራዋ ማር ላይ እንደ ወትሮው ጌሾ ከጨመራችሁ ምሬት በምሬት ላይ ይደረባል። እዚህ ጌሾውን ቀነስ አድርጉ፣ ቀደም ብላችሁም አውጡት። ከሁሉም የሚሻለው ማደባለቅ ነው። ሁለት እጅ ጌተምና አንድ እጅ ግራዋ ብትቀላቅሉ የአንዱ አካል የሌላውን ስስነት ይሞላል፣ የጌተሙም የአበባ ጠረን አይሸፈንም። ብዙ ለሚጥልና ለድግስ ለሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉም የማምነው ምርጫ ይህ ነው።

ብሳና

ብሳና የሚያብበው የክረምቱ ዝናብ መግቢያ አካባቢ ነው፤ ማሩ ከጌተም ደመቅ ያለ ነው። ጠባዩ በሁለቱ መካከል ነው፦ እንደ ጌተም ስስ አይደለም፣ እንደ ግራዋም አይከብድም። መካከለኛ ጠጅ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ችግሩ የወቅቱ እርጥበት ነው። ዝናብ ላይ የተቆረጠ ማር ውኃው ሊበዛ ይችላል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሩ ዕቃው ውስጥ እያለ ራሱ መብላላት ይጀምራል። ክዳኑን ስትከፍቱ ጋዝ ፍስስ ካለ ወይም ላዩ አረፋ ካለው ተጠንቀቁ። ትንሽ መብላላት ለጠጅ አያስከፋም፤ የሆምጣጤ ሽታ ከመጣ ግን አይዳንም። የረጋው ከታች፣ ፈሳሹ ከላይ ተለያይቶ የቆመ ማርም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የሚበላሸው የላዩ ፈሳሽ ነው።

ባሕር ዛፍ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ዛፍ ዛሬ የደጋው ዋና የንብ መኖ ከሆኑት አንዱ ነው። ብዙ ሰው የባሕር ዛፍ ማር ሲባል ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ቅጠል የሚሸት ይመስለዋል። አይደለም። ያ ሽታ የቅጠሉ ዘይት ነው። ማሩ የሚመጣው ከአበባው ወለላ ነው፤ ጠረኑ ወደ ካራሜልና እርጥብ እንጨት ያደላል፣ አንዳንዴም ቅቤ ቅቤ ይላል።

ይህ የቅቤ ጠረን ሲብላላ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ዳይአሴቲል የሚባለውና ዘመዶቹ እንዲህ ይሸታሉ። እርሾ ሥራውን ወደ መጨረስ ሲቃረብ መልሶ ይበላቸዋል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ጠጅን ችኮላ ይገድለዋል። በአሥረኛው ቀን አጣርታችሁ ካቀረባችሁት ሽታው ይከብዳል። ሌላ አንድ ሳምንት ከእርሾው ጋር ብትተዉት ግን ቅቤው ይጠፋና የእንጨቱ ጠረን ይቀራል፤ ወይራ በታጠነ ጋን ሲሆን ደግሞ ይስማማዋል። የአበባ መዓዛ ለሚፈልግ ግን ሌላ ማር ይፈልግ።

ቡናና ዋንዛ

የቡና አበባ የመጀመሪያው ዝናብ ካረፈበት በኋላ ይፈነዳል፣ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ይረግፋል። መዓዛው ጃስሚንን የሚመስል፣ ሰው ቆሞ የሚያሸትተው ነው። ማሩም ከንጹህ ቡና ከተገኘ ያንን ትንሽ ይዞ ይመጣል። ይህ መዓዛ ግን ከሁሉም ቶሎ የሚተነው ዓይነት ነው። ደረቅ ጠጅ ላይ ስትፈልጉት አታገኙትም። የቡና ማር ካገኛችሁ ብርዝ በጥብጡት፤ ወይም ለስላሳ ጠጅ ጥላችሁ ቶሎ ጠጡት። ከደን የሚመጣ የቡና ማር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አበባ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ሻጩ ንጹህ ነው ሲል የተቆረጠበትን ወር ጠይቁት።

ዋንዛ ሲያብብ ዛፉ ነጭ ይለብሳል፤ ግን ሜዳው ሁሉ በአበባ በተሸፈነበት ሰሞን ስለሚያብብ ማሩን ለብቻው ማግኘት ይከብዳል። ካገኛችሁ እንደ ጌተም ያዙት።

ውጭ አገር ላላችሁ

ሱፐርማርኬት ውስጥ "ማር" ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ብዙ ጊዜ ከተለያየ ቦታ የተቀላቀለና በሙቀት የተጣራ ነው። ሙቀቱ መዓዛውን ወስዶታል፣ ማጣራቱ የአበባ ዱቄቱን። ጠጅ ይወጣዋል፣ ግን ስለ አበባ አናወራም። ከንብ አርቢ ወይም ከእሁድ ገበያ ያልሞቀ ማር ፈልጉ።

አሜሪካና እስራኤል ላላችሁ የመጀመሪያው ምርጫ የብርቱካን አበባ ማር ነው። ከዛፍ አበባ ማሮች ሁሉ መዓዛው መብላላትን በደንብ ከሚችሉት አንዱ እሱ ይመስለኛል። ሊናሉል መብላላትን በአብዛኛው ችሎ ይቆያል። ሜቲል አንትራኒሌት የሚባለው፣ ወይን ወይን የሚሸተው የዚህ ማር ምልክትም ከባድ ነው፤ ከአረፋ ጋር አይበርም። ስለዚህ መካከለኛ ጠጅ ላይ እንኳ ብርቱካኑ ይሰማል። አንዳንድ ሰው "የኛን ጠጅ አይመስልም" ይላል፤ እውነት ነው፣ አይመስልም። እኔ ግን ለምስጋና በዓልና ለልደት እንግዳ ሲመጣ ይህን ነው የምጥለው። ጌሾውን ቀነስ አድርጉ፤ ሁለቱ ጠንካሮች አንድ ብርሌ ውስጥ ይጣላሉ።

ሊንደን አውሮፓ ውስጥ የመንገድ ዳር ዛፍ ነው፤ አሜሪካ ያለው ዘመዱ ባስዉድ ይባላል። ማሩ በናና (ሚንት) እና በመድኃኒት መካከል የሆነ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጠረን አለው። ይህ ጠረን ሲብላላ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ለደረቅ ጠጅ ከምመርጣቸው ነው። ጠንካራ ሆኖ ካገኛችሁት ከሌላ ጋር ቀላቅሉት።

ሮቢኒያ አውሮፓ ውስጥ "አካሻ" ተብሎ የሚሸጠው ነው። ከኛ ግራር ጋር አይገናኝም፤ ዛፉ መጀመሪያ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። ማሩ ነጣ ያለ፣ ፍሩክቶስ የበዛበት፣ ለረጅም ጊዜ የማይረጋ ነው። መዓዛው በጣም ስስ ነው። ደረቅ ጠጅ ብትጥሉበት የምታገኙት የእርሾና የጌሾ ሽታ ነው። ዋጋው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ጌሾውን ራሱን ማሳየት ለሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ ለመዓዛ ግን አትግዙት።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት የአልኮል መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ነው። ስለዚህ ጠጅ ሳይሆን ብርዝ፣ እሱም በዕለቱ ተበጥብጦ በዕለቱ የሚጠጣ። እዚያ በውድ የሚሸጠው የሲድር ማር የሚገኘው ከኛው ቁርቁራ ዛፍ ነው፤ ብርዝ ላይ መዓዛው ሙሉውን ይሰማል።

አበባውን ራሱን መጨመርስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መልሱ ጊዜው ላይ ነው። አበባ መጀመሪያ ቀን ከማሩ ጋር ከገባ ጋዙ መዓዛውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ የሚቀረው የቅጠል ምሬት ነው። ግር ግሩ ካለፈ፣ አረፋው ከሰከነ በኋላ ቢገባ ግን አልኮሉ መዓዛውን ይስበዋል፣ ይይዘዋልም። ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። የብርቱካን አበባ ካልተረጨ ዛፍ የተለቀመ ከሆነ ግሩም ነው። አውሮፓ ያላችሁ የኤልደር አበባ በሰኔ ታገኛላችሁ፤ ግንዱና ቅጠሉ ለሰው ስለማይስማማ አበባውን ከአገዳው ለቅማችሁ ተጠቀሙ። ሮቢኒያም አበባው ብቻ ነው የሚበላው፤ ሌላው የዛፉ ክፍል መርዛማ ነው። ብሳናን ግን ማሩን እንጂ አበባውን አትሞክሩ። ለመድኃኒትነት የሚፈለግ ቢሆንም መርዝነቱም የታወቀ ዛፍ ነው።

ሙቀትና እርሾ

የትኛውንም ማር ብትመርጡ ሙቀቱ ካልተያዘ ልፋቱ ከንቱ ነው። ሞቃት ክፍል ውስጥ ጠጅ ቶሎ ይደርሳል፣ ጋዙም በኃይል ስለሚወጣ መዓዛውን አብሮ ይወስደዋል። በዚያ ላይ እርሾው ጉሮሮ የሚያቃጥሉትን ከባድ አልኮሎች ያበዛል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ቤት ብዙውን ወር ይህን በራሱ ይሰጣል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆናችሁ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ክረምት ላይ ማሞቂያው አጠገብ አታስቀምጡ።

ያልተጣራ የአገር ቤት ማር እርሾውን ይዞ ይመጣል፤ ከሱ ጋር የሚመጡት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው ለጠጅ ያንን ቀለል ያለ ኮምጣጣነት የሚሰጡት። የታሸገ ማር ላይ ግን እርሾ መግዛት ያስፈልጋችሁ ይሆናል። የዳቦ እርሾ ይሠራል፤ መዓዛ ላይ ግን ሻካራ ነው። የወይን እርሾ ይሻላል። ላልቪን 71ቢ የፍራፍሬ ጠረን ያመጣል፣ ትንሽ ሙቀትም ይችላል። ላልቪን ዲ47 ለአበባ ማር ይስማማል፣ ግን ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ያበላሻል። ቤታችሁ የሚሞቅ ከሆነ 71ቢን ውሰዱ።

ኪሎ ከመግዛት በፊት

ሻጩን ሩብ ኪሎ ብቻ ጠይቁት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጡና ወዲያው አሽቱ። ከዚያ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሌሊቱን ተዉት፤ ጠዋት እንደገና አሽቱ። ማታ ሞልቶ የነበረው ጠረን ጠዋት ከሌለ ያ ማር ለብርዝ ነው። ጠዋትም ካለ ለመካከለኛ ጠጅ ይሆናል። ይህ ፈተና ግን የታሰረውን መዓዛ አያሳይም።

እሱን ለማየት የቀረውን ማር በትንሽ ማሰሮ ጣሉት፣ ያለ ጌሾ። ሁለት ማር እያነጻጸራችሁ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠን፣ በአንድ ቦታ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ። በሦስተኛው ቀን ስትከፍቱ ሁለቱም ያምራሉ፤ ያኔ አትፍረዱ። አረፋው ሲሰክን፣ ላዩ ጠለል ማለት ሲጀምር በትንሽ ብርጭቆ ቅዱ። በእጃችሁ መዳፍ ሞቅ አድርጉት፣ አፉን ሸፍናችሁ አወዛውዙት፣ ከፍታችሁ አሽቱ። ጽጌረዳ ወይም አበባ ከመጣ ለደረቅም ይሆናል። ሙዝ ብቻ ከመጣ ለለስላሳ። እንቁላል ከመጣ ማሩን ገና አታውግዙ፤ ሰፈፍ ወይም የአበባ ዱቄት ጨምራችሁ አንዴ ድገሙት። ጭስ ወይም የሚያንገሸግሽ ምሬት ከመጣ ግን ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ሌላው እለፉ።